የጎልፍ ካርት ባትሪ፦ ከመግዛት እስከ መንከባከብ

ካርቱ ዳገት ላይ ማቃሰት ሲጀምር፣ ወይም ድሮ በቀላሉ የሚያዳርሰውን መንገድ ግማሹን ሳይጨርስ ሲቆም፣ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ አዲስ ባትሪ መግዛት ነው። ወጪው ከባድ ስለሆነ ግን ከመግዛት በፊት ጊዜ ወስዶ መለካት ያዋጣል። ስድስቱም ባትሪ ሞቷል ተብሎ ሲጣል፣ ጥፋቱ ግን የአንዱ ባትሪ፣ የላላ ዳዶ ወይም የቻርጀሩ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

የካርት ባትሪዎች በተከታታይ የተያያዙ ናቸው። በአንዱ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በሁሉም ውስጥ ያልፋል። በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ በሬዎች ናቸው፤ ደካማው ሲያዘግም ብርቱውም አብሮት ያዘግማል። ምርጫውም፣ ገጠማውም፣ እንክብካቤውም ከዚህ ይነሳል፦ ባትሪዎቹ እኩል መሆን፣ እኩልም መቆየት አለባቸው።

መጀመሪያ ይለኩ

ዲጂታል ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ ሃይድሮሜትር (የአሲዱን ውፍረት ከውሃ ጋር አነጻጽሮ የሚለካ መሣሪያ)፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ የጎማ ጓንትና የእጅ ባትሪ ያዘጋጁ። ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያውልቁ፤ የባትሪው ሁለት ጫፎች (ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ) ላይ ያረፈ ቀለበት በሰከንዶች ውስጥ ግሎ ጣት ያቃጥላል።

1. ካርቱን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፣ ከዚያ ነቅለው ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይነዱ ያቆዩት። ከቻርጀር እንደወጣ የሚለካ ቮልት ከእውነቱ ከፍ ብሎ ስለሚታይ ያታልላል።

2. የእያንዳንዱን ባትሪ ክዳን ይቁጠሩ። አንድ ክዳን ማለት አንድ ሴል፣ አንድ ሴል ማለት 2 ቮልት ገደማ ነው። 3 ክዳን ያለው የ6 ቮልት፣ 4 ያለው የ8፣ 6 ያለው የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ደምረው 36 ወይም 48 ቮልት ካገኙ የካርትዎን ዓይነት አወቁ ማለት ነው።

3. እያንዳንዱን ባትሪ ለየብቻ ይለኩ። ሙሉ የሆነ የ6 ቮልት ባትሪ 6.37፣ የ8 ቮልት 8.49፣ የ12 ቮልት 12.73 ገደማ ያሳያል። ግማሽ ላይ ሲደርሱ 6.05፣ 8.07 እና 12.10 ናቸው። በድምሩ ሲታይ የ36 ቮልት ካርት ሙሉ ሲሆን 38.2፣ የ48 ቮልቱ ደግሞ 50.9 ነው።

4. ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የየሴሉን አሲድ በሃይድሮሜትር ይለኩ። ሃይድሮሜትሩን ሁለት ሦስት ጊዜ ሞልተው ይመልሱ፣ ከዚያ ያንብቡ። ሙሉ ሴል 1.265 እስከ 1.280 ያሳያል፤ ግማሹ 1.172 አካባቢ ነው። አሲዱ ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ለየ5.5 ዲግሪው 0.004 ይጨምሩ፣ ከቀዘቀዘ ይቀንሱ። በአንድ ባትሪ ሴሎች መካከል 0.050 ወይም ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ ያ ባትሪ ታሟል።

5. ካርቱን 20 ደቂቃ ያህል፣ ቢቻል ዳገት ባለበት፣ ይንዱና ወዲያው እያንዳንዱን ባትሪ እንደገና ይለኩ። ሌሎቹ 6.2 ሆነው አንዱ 5.6 ካለ ችግሩ እሱ ጋ ነው። ከጓደኞቹ በግማሽ ቮልት የወረደ ባትሪ፣ ቆሞ ሲለካ ደህና ቢመስልም፣ አይታመንም።

ቻርጀሩንም ሳይፈትሹ አይለፉት። ሲሰካ የባትሪዎቹ ጠቅላላ ቮልት ቀስ እያለ መውጣት አለበት፤ ወደ መጨረሻው ላይ የ36 ቮልቱ 44 አካባቢ፣ የ48 ቮልቱ 58 ወይም 59 ይደርሳል። ከዚያ በታች ቀርቶ ከጠፋ ባትሪዎቹ አልጠገቡም። ሌላም አለ፦ ባትሪዎቹ እጅግ ባዶ ሲሆኑ ብዙ ቻርጀሮች ጨርሶ አይነሱም፤ ለመጀመር ከባትሪው መጠነኛ ቮልት ማየት ይፈልጋሉ። ይህ ሲሆን ቻርጀሩ ተበላሽቷል ከማለት በፊት እያንዳንዱን ባትሪ በ6 ወይም በ8 ቮልት ትንሽ ቻርጀር ለየብቻ ትንሽ ማንሳት ነው።

አንዱን ብቻ መተካት ይቻላል?

ባትሪዎቹ ገና አንድ ዓመት ያልሞላቸው ከሆኑና የቀሩት በልኬቱ ደህና ከሆኑ፣ አዎ፤ በዚያው ዓይነትና መጠን። ከዚያ ካለፉ ግን ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቀየር ይሻላል። ቻርጀሩ የሚያየው የሁሉንም ድምር እንጂ የእያንዳንዱን ሁኔታ አይደለም። ድምሩ ሲሞላለት ያቆማል፤ በዚያ ሰዓት አንዱ ከልክ በላይ ፈልቷል፣ ሌላው ገና አልጠገበም። በጉዞ ላይ ደግሞ ደካማው ቀድሞ ባዶ ይሆንና ሌሎቹ በግድ ኤሌክትሪክ እየነዱበት ይጨርሱታል። አዲሱም ባትሪ በአሮጌዎቹ መሃል ሆኖ ያለ ዕድሜው ያረጃል።

የትኛውን መግዛት?

የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የእሱ ፕሌቶች (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች) ስስና ብዙ ናቸው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ፣ ደጋግመው በጥልቀት ሲራገፉ ግን ይፈራርሳሉ። ለካርት የሚያስፈልገው ዲፕ ሳይክል የሚባለው ወፍራም ፕሌት ያለው ነው።

የ36 ቮልት ካርት ስድስት የ6 ቮልት ባትሪ ይወስዳል፣ ምርጫው ጠባብ ነው። የ48 ቮልቱ ግን በሦስት መንገድ ይሞላል። ስምንት ባለ 6 ቮልት በ225 አምፔር ሰዓት ከሆነ 10.8 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ስድስት ባለ 8 ቮልት በ170 ከሆነ 8.2 ገደማ፤ አራት ባለ 12 ቮልት በ150 ደግሞ 7.2። አንድ የ6 ቮልት ባትሪ 28 ኪሎ አካባቢ ስለሚመዝን ስምንቱ 220 ኪሎ ያልፋሉ። ዳገት የሚበዛበትና ረጅም መንገድ የሚሄድ ካርት፣ ቦታ ካለው፣ የ6 ቮልቶቹ ይመረጡለታል። ሜዳ ላይ አጭር መንገድ ለሚሄድ አራቱ ባለ 12 ይበቃሉ፤ ውሃ የሚጠጣ ሴል ቁጥሩ ግን በሁሉም 24 ነውና በዚያ በኩል የሚተርፍ ድካም የለም።

በልጣፉ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ብዙ ጊዜ የ20 ሰዓት ልኬት ነው። 225 ማለት 11.25 አምፔር ለ20 ሰዓት ማለት ነው። ካርት ግን እንደዚህ ቀስ ብሎ አይጎትትም። ይኸው ባለ 225 ባትሪ በ75 አምፔር ሲጎተት 115 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው፤ ሲሰላ 144 አምፔር ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለት ባትሪ ሲያወዳድሩ ሻጩን በ75 አምፔር ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ይጠይቁት፤ ለ48 ቮልት ካርት ደግሞ በ56 አምፔር። ለካርት የሚጠቅመው መለኪያ ይህ ነው።

ከዚያ ቀኑን ይመልከቱ። በብዙ ባትሪዎች ጫፍ ወይም ሽፋን ላይ አንድ የላቲን ፊደልና አንድ ቁጥር ይቀረጻል፤ ፊደሉ ወሩን፣ ቁጥሩ የዓመቱን የመጨረሻ አኃዝ ይናገራል፤ የመጀመሪያው ፊደል ለጃንዋሪ፣ ሁለተኛው ለፌብሩዋሪ እያለ ይቀጥላል። ሊድ አሲድ (እርሳስና አሲድ ያለበት የተለመደው) ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም በወር ከ5 እስከ 15 በመቶ ይራገፋል፣ ሙቀት ባለበት ደግሞ ይፈጥናል። ከተመረተ 3 ወር ያለፈውን ሻጩ እየሞላ እንዳቆየው ካላረጋገጡ አይውሰዱ። ቴስተርዎን ይዘው ይሂዱ፦ የ6 ቮልቱ ከ6.25 በታች ካሳየ ሌላ ይጠይቁ። ሁሉም የአንድ ወር ምርት ቢሆኑ እጅግ ጥሩ ነው።

ኤጂኤም የሚባለው የታሸገው ዓይነት ውሃ አይጠይቅም፣ አያፈስም፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ ከልክ ያለፈ ቻርጅም አይችልም፣ የጠፋውን ውሃ መመለስ አይቻልምና። ክዳን ከፍቶ ውሃ የሚጨምር ሰው በሌለበት ቦታ ብቻ ነው የሚመከረው።

ሊቲየምን በተመለከተ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ለካርት የሚሆነው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ነው፤ ሴሉ 3.2 ቮልት ሲሆን 16ቱ ተደርድረው 51.2 ቮልት ይሰጣሉ። ባለ 105 አምፔር ሰዓቱ 5.4 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። ከስድስቱ ባለ 8 ቮልት የእርሳስ ባትሪዎች 8.2 ጋር ሲነጻጸር ያንሳል ይባል ይሆናል፤ እርሳሱን ግን ዕድሜው እንዲረዝም ከግማሹ በላይ ባያራግፉት ይመከራል፣ ሊቲየሙን እስከ 80 በመቶና ከዚያም በላይ መጠቀም ይቻላል። ክብደቱም በጣም ይቀላል። ነገር ግን ሲገዙ አራት ነገር ያጣሩ። አንደኛ፣ የውስጥ መቆጣጠሪያው ያለማቋረጥ የሚለቀው አምፔር ለካርቱ ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ለሚመጥነው ክፍል) መብቃቱን፤ ካልበቃ ዳገት መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ይዘጋል። ሁለተኛ፣ ቻርጀሩ ለሊቲየም የተሠራ፣ ለ51.2 ቮልቱ 58.4 ላይ የሚያቆም መሆኑን፤ የእርሳስ ቻርጀር አይሆንም። ሦስተኛ፣ ካርትዎ ቁልቁለት ላይ በሞተር ብሬክ እየያዘ ባትሪ የሚሞላ ከሆነ፣ ሙሉ የሆነ ባትሪ ያንን አልቀበልም ብሎ ሊዘጋና የሞተሩ ብሬክ ሊጠፋ ይችላል፤ መኖሪያዎ ኮረብታ ላይ ከሆነና በሙሉ ባትሪ ቁልቁል የሚወርዱ ከሆነ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው። አራተኛ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ መደረግ የለበትም። የድሮው የባትሪ ጌጅም በሊቲየም ላይ ትክክል አያነብም፣ መለወጥ አለበት።

ገጠማ

1. ቁልፉን አጥፍተው ያውጡ፣ ማርሹን ገለልተኛ ላይ ያድርጉ፣ እጅ ብሬኩን ይያዙ። ከመቀመጫው ሥር ረን (መንዳት) እና ቶው (መጎተት) የሚል ማብሪያ ካለ ቶው ላይ ያድርጉት።

2. የድሮውን አያያዝ በስልክ ከላይ ፎቶ ያንሱ፣ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን በቀለም ያመልክቱ። ይህን የዘለለ ሰው ነው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው።

3. የ13 ቁጥር ቁልፍዎን እጀታ በኤሌክትሪክ ቴፕ ይጠቅልሉ። በመጀመሪያ ወደ ካርቱ የሚሄደውን ዋናውን ኔጌቲቭ ይፍቱ፣ ከዚያ ዋናውን ፖዘቲቭ፣ ከዚያ መካከለኞቹን።

4. ባትሪውን በማንሻ ማሰሪያ ቀጥ አድርገው ያውጡ። ዘንበል ካለ አሲድ ይፈሳል።

5. የባትሪውን ማስቀመጫ ብረት በ1 ሊትር ውሃ 60 ግራም ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠው ይጠቡ። መንተክተኩ ሲቆም አሲዱ በርዷል፤ በንጹህ ውሃ አጥበው ያድርቁ፣ ዝገቱን ፍቀው ቀለም ይቀቡ።

6. ገመዶቹን ይፈትሹ። ጫፋቸው ጋ አረንጓዴ የሆኑ፣ ሽፋናቸው የጠነከረ ወይም ከነዱ በኋላ የሚግሉ ከሆኑ አብረው ይቀየሩ። ከ25 ካሬ ሚሊ ሜትር የማያንስ ይግዙ፤ ጠንካራ ኮንትሮለር ላለው 35 ይሁን።

7. አዲሶቹን በፎቶው መሠረት ያስገቡ፣ የአንዱን ፖዘቲቭ ከቀጣዩ ኔጌቲቭ ጋር ያያይዙ። የገመዱ ጫፍ በቀጥታ እርሳሱ ላይ ይረፍ፣ ሮንዴላው ከላይ ነው የሚሆነው፤ ሮንዴላ ከሥር የገባበት ቦታ ይግላል፣ ጫፉንም ያቀልጣል። የአጠባበቁን ልክ ከአምራቹ ወረቀት ይውሰዱ፤ በብዙዎቹ 11 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ በጉልበት አይጥበቅ።

8. ዋናዎቹን ሁለት ገመዶች ከማያያዝዎ በፊት ጠቅላላውን ቮልት ይለኩ። ስድስት ባለ 6 ቮልት አያይዘው በ38 ፈንታ 25 ገደማ ካነበቡ አንዱ ባትሪ ተገልብጧል፤ የተገለበጠ ባትሪ የራሱን አለመጨመሩ ብቻ ሳይሆን የሌላውንም ይቀንሳል። በስድስት ባለ 8 ቮልት ደግሞ 34 አካባቢ ያሳያል። ሳያስተካክሉ ካገናኙት ኮንትሮለሩ ሊቃጠል ይችላል።

9. ዋናውን ፖዘቲቭ፣ በመጨረሻም ዋናውን ኔጌቲቭ ይግጠሙ። የመጨረሻው ሲነካ ትንሽ ብልጭታ ሊኖር ይችላል፤ ለዚህ ነው ባትሪው እየተሞላ ወይም ገና እንደተሞላ ይህ ሥራ የማይሠራው። ጫፎቹን በቫዝሊን ወይም በፀረ ዝገት ቅባት ይቀቡ፤ ቅባቱ ከጠበቀ በኋላ ከላይ ነው፣ ከመሃል አይደለም።

ለመብራት ወይም ለራዲዮ 12 ቮልት ሲያስፈልግ ከሁለት ባትሪዎች ላይ ሽቦ መሳብ የተለመደ ነው፤ አያድርጉት። እነዚያ ሁለቱ ከሌሎቹ በላይ ይራገፋሉ፣ ቻርጀሩም ልዩነቱን አያይም። ከጠቅላላው ቮልት ላይ 12 የሚያወጣ ኮንቨርተር ይግጠሙ።

ቻርጅ

አዲስ ባትሪ ከመነዳቱ በፊት ሙሉ ይሞላ። በመጀመሪያዎቹ ከ20 እስከ 50 ዙሮች (አንድ ዙር ተራግፎ መሞላት ነው) አቅሙ ገና አልተከፈተምና መንገዱን አሳጥረው ይንዱ፤ ያኔ ርቀቱ ቢያንስ አይደንግጡ።

ከዚያ በኋላ ካርቱ በተነዳበት ቀን ሁሉ፣ አሥር ደቂቃም ቢሆን፣ ማታ ይሰካ፣ በራሱ እስኪያቆም ድረስም አይነቀል። ሊድ አሲድ ባትሪ ባዶ እስኪሆን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ያ ልማድ ጉዳት ነው። ተራግፎ ሲቆይ ፕሌቱ ላይ የሚሠራው የእርሳስ ሰልፌት ለስላሳ ከነበረበት ወደ ጠንካራ ክሪስታል ይለወጣል፣ ያኔ ቻርጅም አይመልሰውም።

ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ 4 በመቶ ሲደርስ ይፈነዳል። አየር የሚገባበት ቦታ ይሁን፣ ሲጋራና እሳት ይራቅ። ቻርጀሩን በቀጭን ማራዘሚያ ገመድ አይሰኩ፤ ገመዱ ይግላል፣ ቮልቱም ይወርዳል።

ውሃ

ባትሪ ከሚሞትባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ የውሃ ማነስ ነው፣ መድኃኒቱም እጅግ ርካሹ ነው። በወር አንዴ፣ በሙቀት ወቅት በሁለት ሳምንት አንዴ ክዳኖቹን ከፍተው በእጅ ባትሪ ወደ ታች ይመልከቱ። ደረቅ ግራጫ ጠርዝ ከአሲዱ በላይ ብቅ ብሎ ካዩ ያ የፕሌቱ ራስ ነው፤ አየር የነካው ክፍል ተመልሶ አይሠራም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ፕሌቱ ከተጋለጠ፣ ከቻርጅ በፊት ፕሌቱን እስኪሸፍን ብቻ ይጨምሩ። ከዚያ ሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፣ ሲያልቅ ቀሪውን ይሙሉ። ከቻርጅ በፊት ሙሉውን ከሞሉ ግን፣ ሲሞቅና ሲፈላ አሲዱ ያብጥና በክዳኑ ይፈሳል፤ የፈሰሰው አሲድ ጉልበቱ ነው፣ ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ሲጨምሩ ሴሉ እየቀጠነ ይሄዳል።

በክዳኑ ቀዳዳ ውስጥ ወደ ታች የሚወርድ የፕላስቲክ አንገት አለ። ውሃው ከአንገቱ ግርጌ 3 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቁም። አንገቱን ሲነካ ከላይ ሲያዩት ውሃው ጠርዙ ላይ ይጣበቅና መሃሉ ዓይን ይሠራል፤ ዓይኑን ካዩ አልፈዋል።

የሚጨመረው ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ) ውሃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃና የታሸገ የሚጠጣ ውሃ ማዕድን አላቸው፣ ፕሌቱን ይመርዛሉ። አሲድ በጭራሽ አይጨመርም። የብረት ማንቆርቆሪያ ወይም ማጥለያ አይጠቀሙ።

የሚጠጣው መጠን ራሱ ይናገራል። ሁሉም ሴል ብዙ ከጠጣ ቻርጀሩ ከልክ በላይ እየሞላ ነው። አንዱ ሴል ብቻ ከጠጣ ሽፋኑ ተሰንጥቋል ወይም ውስጡ ተጎድቷል። በወራት ውስጥ አንዳቸውም ካልጠጡ ደግሞ ቻርጅ አይጠግቡም ማለት ነው።

ሴሎችን ማስተካከል

ከሙሉ ቻርጅ በኋላ በሃይድሮሜትር ሲለኩ ልዩነቱ 0.030 ካለፈ ሴሎቹ ማስተካከያ ቻርጅ ይፈልጋሉ። ይህ ክዳን ለሚከፈተው ባትሪ ብቻ ነው፤ ለኤጂኤምና ለሊቲየም አይደረግም። ውሃው ልኩ ላይ መሆኑን አይተው፣ ክዳኑን ዘግተው፣ ቻርጀሩን በማስተካከያው አሠራር ያስኬዱት፤ በሴል 2.7 ቮልት፣ ለ36 ቮልቱ 48.6፣ ለ48 ቮልቱ 64.8 ነው። በየሰዓቱ ይለኩ፤ ንባቡ መውጣት ሲያቆም ያብቁ። አንድ ሴል እምቢ ብሎ ከሥር ከቀረ ያ ባትሪ ይቀየር።

በዚያው ወርሃዊ ቀን የባትሪዎቹን የላይኛውን ገጽ በቤኪንግ ሶዳው ውሃ ይጥረጉ። አሲድ ያራሰው አቧራ በጫፎቹ መካከል ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ባትሪው ቆሞ እያለ ይራገፋል። ብጥብጡ ወደ ሴል እንዳይገባ ክዳኑ ይጠበቅ፤ አንዲት ጠብታ እንኳ የአሲዱን ጉልበት ትቀንሳለች። ቆዳ ላይ አሲድ ከነካ ብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያፍስሱበት፤ ዓይን ከገባ እንደዚሁ አጥበው ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂዱ።

ካርቱ ለወራት ሲቆም

ሙሉ ሞልተው፣ ቶው ላይ አድርገው ወይም ዋናውን ኔጌቲቭ ፈተው ቀዝቃዛ ቦታ ያቁሙት። በወር አንዴ ይለኩ፣ የ6 ቮልቱ ወደ 6.19 ሲወርድ ይሙሉ። በረዶ በሚጥልበት አገር ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪም ወደ በረዶነት አይረጋም፤ ባዶ ሊሆን የቀረበው ግን ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ አካባቢ ይረጋል፣ ሽፋኑንም ይሰነጥቃል። የረጋ ባትሪ ፈጽሞ ቻርጅ አይደረግም።

ያረጁትን ባትሪዎች ቀጥ አድርገው፣ ክዳናቸውን ዘግተው፣ ጫፋቸውን በቴፕ ሸፍነው ወደ ሻጩ ይመልሱ፤ እርሳሱ ቀልጦ ዳግም ባትሪ ይሆናል፣ ብዙ ሻጮችም ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀንሱልዎታል።